አዲሱ ሞዴል እስኪመጣ

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። እየደወለ ገና ስላልወጣው የእጅ ጌም አዲስ ሞዴል ያወራልኝ ነበር። ባትሪው ረጅም ሰዓት ይቆያል ተብሏል፤ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ስክሪኑ ፀሐይ ላይም ይታያል፣ ሲሞቅ የሚጮኸው ማራገቢያ ድምፁን ያጠፋል ተብሏል። ማን እንዳለ ጠይቄው አላውቅም። እኔ ጆሮ የምሰጠው ለአንዷ ነገር ብቻ ነበር። አውራ ጣት የሚያርፍባት ትንሿ መሪ ትቀየራለች፣ በማግኔት ስለምትሠራ ቶሎ አትበላም፣ ካልተበላች ደግሞ ወደ ጎን አትስብም።

የጌም ሱስ የለብኝም። ሠላሳዎቹን ያጋመስኩ፣ ወልቂጤ የምሠራ ነርስ ነኝ። ቦታዬ ሕፃናት ክፍል ነበር፤ የጨቅላ ደም ሥር ፈልጎ ማግኘትና መርፌ ማስገባት። በዚህ አልታማም። ሌሎቹ ሞክረው ሲያቅታቸው "ግራኟን ጥሯት" ይባል ነበር። ጉራ ከመሰለ ይምሰል፤ ጎበዝ ነበርኩ።

ከዚያ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገለበጠና ግራ እጄ አንጓው ላይ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፣ ጀሶው ተፈታ፤ አውራ ጣቴ ግን ዘገየብኝ። ካርድ ክፍል ተቀምጬ ፋይል ሳወጣና ስመልስ ከረምኩ። ወንድሜ የራሱን አሮጌ ጌም የላከልኝ ያን ጊዜ ነው፤ ጣትሽን ያፍታታልሽ ብሎ። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ሴትዮም አይከፋም አለች።

ጨዋታው ቀላል ነው። አንድ ብስክሌተኛ ጠባብ ድልድይ ይሻገራል፤ በግራ አውራ ጣት ቀጥ አድርጎ መምራት ነው። የኔ ብስክሌተኛ ድልድዩ መሀል ሲደርስ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ይስብና ገደል ይገባል። መጀመሪያ ላይ ጣቴ ስለደከመ ነው አልኩ። ሳምንታት አለፉ፣ ክንዴ በረታ፣ ውሃ የሞላ ባልዲ ማንሳት ጀመርኩ፤ ብስክሌተኛው ግን ያው ነው። ለወንድሜ ስነግረው ጥፋቱ የማሽኑ ነው አለኝ። የአሮጌው ሞዴል የታወቀ በሽታ ነው፣ መሪዋ ስትበላ ትስባለች፣ አዲሱ ላይ ያስተካክሉታል። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ጣቴን አንስቼ ብስክሌተኛው በራሱ ይስብ እንደሆነ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። አላደረግኩትም። ፈራሁ። መርፌው ደም ሥር ውስጥ ከገባ በኋላ ስስ ቱቦዋን ወደ ውስጥ የምገፋው በዚሁ ጣት ነው። የጨቅላ ደም ሥር የክር ያህል ናት፤ የሚገፋው ጣት ትንሽ ወደ ጎን ካለ ትቀደዳለች። ይሄ ደግሞ ባልዲ በማንሳት የሚታወቅ ነገር አይደለም። ብርቱካን ገዝቼ ተለማመድኩ፤ ብርቱካን ግን አይወራጭም፣ አያለቅስም፣ ምንም አልነገረኝም።

ሐኪሙ እጄን አገላብጦ፣ ጣቶቹን አስጨብጦኝ፣ ጉልበቱ ተመልሷል አለ። ረቂቅ ሥራውን ግን ራስሽ ነሽ የምታውቂው አለኝ። ዋና ነርሳችንም ሰው አጥሯቸው ስለነበር ከመስቀል ስትመለሺ ሰኞ ሕፃናት ክፍል ልመድብሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እሺ የሚለው ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

አሁን እኔ ነበርኩ የምደውለው። ወጣ ወይ? መሪዋ እውነት በማግኔት ነው? ወንድሜ ከኔ ባስሽ እያለ ይስቅብኝ ነበር። አዲሱ ሞዴል ከጤናዬ ጋር እንደተቆራኘብኝ በምን ይወቅ? በአዲሱ ማሽን ላይ ብስክሌተኛው ቀጥ ብሎ ከሄደ ሰኞ ቦታዬ እመለሳለሁ፤ ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው። በመጨረሻ ሱቃቸው ገባለት፤ ለመስቀል ይዤው እመጣለሁ አለኝ።

በአረቅጥ በኩል ያለውን ዳገት በጭጋግ ተሻግሬ ቡታጅራ ስደርስ የወላጆቼ ግቢ ከአዲስ አበባ በመጣ ዘመድ ሞልቷል። ክትፎ ቀረበ፤ መዋጥ አቃተኝ። በመስቀል አልበላም ማለት እኛ ቤት ያስቆጣልና እናቴ ግንባሬን ነካ አድርጋ አሞሻል ወይ አለች። ደክሞኝ ነው አልኳት። ወንድሜ ሳጥኑን ይዞ ደጅ ጠራኝ፤ ራስሽ መርቂው ብሎ አዲሱን ማሽን እጄ ላይ አኖረው።

ቀላል ነው። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ወለል ብሎ ይታያል፣ ማራገቢያው አይሰማም። የተባለው ሁሉ እውነት ነበር። ብስክሌተኛው ተነሣ፣ ድልድዩን ያዘ፣ መሀል ደረሰ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሳበ።

ደገምኩት። አሁንም ገደል ገባ። ሦስተኛውን ስጀምር ወንድሜ ማሽኑን ከእጄ ወሰደና እስኪ ልየው ብሎ መጫወት ጀመረ። የሱም ብስክሌተኛ መሀል ላይ ወደ ቀኝ ሄዶ ወደቀ።

"አየሽ? ይሄም ጤና የለውም" አለኝ። "ወስጄ አስቀይረዋለሁ።"

እኔ ግን ስክሪኑን አልነበረም የማየው። አውራ ጣቱን ነበር። ሆን ብሎ መሪዋን ወደ ቀኝ ሲገፋት አየሁ። ፊቴን ላለማየት አቀርቅሮ ነበር፤ ለካስ ፍርሃቴ ገብቶታል። በዚያች ሰዓት በጣም ወደድኩት፣ በጣምም ተናደድኩበት። ውሸቱን ብቀበለው ሰኞ ጠዋት የሰው ሕፃን እጄ ላይ ያኖራሉ።

"አታስቀይረው" አልኩት። "ደህና ነው።"

"እኔ እኮ…"

"አይቼሃለሁ።"

ማሽኑን ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። ጓሮ ዞሬ እንሰቱ አጠገብ ቆምኩና ለዋና ነርሳችን ደወልኩ። የሳቸውም ቤት ሁካታ ነበር። እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ተባባልን።

"ሲስተር፣ ሰኞ ሕፃናት ክፍል አይመድቡኝ" አልኩ። "ጣቴ አልዳነም።"

መቼ የሚድን ይመስልሻል ብለው ጠየቁኝ። በቁጣ አልነበረም፤ የተረኛ ድልድል የሚያወጣ ሰው ማወቅ ስላለበት ነው።

"ይድን እንደሆነም አላውቅም" አልኩ።

ይህን ለራሴ እንኳ ብዬው አላውቅም ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እንባዬ መጣ፤ ማቆም አቃተኝ። እሳቸውም አልዘጉትም።