የጀማል ደብተርና የእኔ ቀይ እስክሪብቶ

ከሚኤሶ እስከ ሂርና እንግሊዝኛ እንደ እኔ የሚችል ሰው አልነበረም። እኔ እንዲህ እል ነበር፤ ጭሮ ላይ አብሮኝ ጫት የሚቅመው በርጫም ያምነኝ ነበር። ከምሳ በኋላ ጫቱ ሞቅ ሲያደርገኝ፣ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን የእንግሊዝኛ ወረቀት በቃሌ እንደ ጎርፍ አወርደዋለሁ። ስለ ሳል ይሁን ስለ ሆድ ቁርጠት አላውቅም። ሰሚውም አያውቅም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የምጽፈው ሰውዬ «ቲቸር» ተባልኩ። አሁን የምነግርህን ግን ለሚስቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም።

ጀማል ሂርና ውስጥ ጫት አሳሪ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት። ከሬዲዮ፣ ከልጆቹ መጽሐፍ እየለቀመ አንድ ደብተር ሙሉ የእንግሊዝኛ አባባል ከነትርጉሙ ጽፎ ነበር። ሚኤሶ ላይ ለውጭ አገር ሐኪሞች የሚያስተረጉም ሰው ይፈለጋል ሲባል ደብተሩን ይዞ በርጫችን መጣ።

«ቲቸር፣ ወላሂ ካንተ ሌላ ሰው የለኝም። እረምልኝ።»

ምን ነበረበት «ጀማል፣ እኔ አላውቅም» ብለው? ሦስት ቃል እኮ ነው። ግን ቤቱ ሙሉ ሰው ያየኛል። ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ።

«ሉክ አፍተር» ካለው ፊት «መንከባከብ» ብሎ ጽፏል። ሉክ ማየት፣ አፍተር በኋላ፤ መንከባከብ ከየት መጣ? ሰረዝኩና «ዞሮ ማየት» ብዬ ጻፍኩ። «አ ፒስ ኦፍ ኬክ» ካለው ፊት ደግሞ «በጣም ቀላል ነገር» ይላል።

«አቦ ጀማል፣ ኬክ እኮ ነው። የት በልተኸው ነው የቀለለህ?» አልኩት። በርጫው በሳቅ አውካካ። ሰረዝኩ። እኔ፣ ልክ የነበረውን ሁሉ ገጽ በገጽ ሰረዝኩ።

አንዴ ብቻ፣ «ሬዲዮው እንዲህ አላለም ነበር» አለ።

«እኔን ነው ሬዲዮውን የምታምነው?»

እኔን አመነ።

ሚኤሶ ላይ ጠያቂዎቹ፣ እናቶች ሲታከሙ ሕፃናቱን ማን «ሉክ አፍተር» እንደሚያደርግ ጠየቁት። ማንም ዞሮ እንዳያያቸው እከለክላለሁ ብሎ መለሰ። አልተቀጠረም። ተመልሶ መጥቶ ምን አለኝ መሰለህ? «አንተ በደንብ አስተምረኸኝ ነበር ቲቸር። የኔ ጭንቅላት ነው።» ደብተሩን እኔው ዘንድ ጥሎት ሄደ። እኔስ? ዝም አልኩ። ጫቱ ነው አልልም፤ የሰው ዓይን ነው አልልም። መሰረዙ የአንድ ከሰዓት ጥፋት ነው፤ ዝምታዬ ግን ስንት ዓመቱ?

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ደብተሩን አግኝታ አገላበጠችው። «አባ፣ በቀይ የጻፈው ማነው? የተሰረዘው እኮ ነው ልኩ።»

«አንድ ደደብ» አልኳት። ስለ እንግሊዝኛዬ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት እሱ ነው።

ባለፈው ወር ይቅርታ ልጠይቀው ሂርና ሄድኩ። ወላሂ ለዚያ ነው የሄድኩት። ጀማል ዛሬም ጫት ያስራል፤ ጣቶቹ በገመድ ተልጠዋል። አጠገቡ ተቀምጬ አፌን ልከፍት ስል ስልኬ ላይ የእንግሊዝኛ መልእክት ገባ።

«መነጽሬን ረስቼ ነው፣ እስቲ እየው» አልኩት። መነጽር አድርጌ አላውቅም።

እጁን በሱሪው ጠርጎ ስልኩን ተቀበለኝ። ቀስ ብሎ አነበበ፣ ምን እንደሚል አስረዳኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠበቀኝ፣ እንደ ተማሪ።

«ልክ ነህ» አልኩት።

ልክ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። እንግሊዝኛ አልችልም።