አባቴ፣ በሁለቱም ሰባት

ሁለተኛ ዲግሪዬን አዳማ ስማር የመመረቂያ ጥናቴ የወንድ ጠባይና የሴት ጠባይ የሚባሉትን መለካት ነበር። መጠይቁ «ደፋር ነኝ»፣ «ቆራጥ ነኝ»፣ «ርኅሩኅ ነኝ»፣ «ሆደ ቡቡ ነኝ» እያለ ይደረድራል፤ ሰውየው ከአንድ እስከ ሰባት ለራሱ ነጥብ ይሰጣል። ደፋርና ቆራጥ ወደ ወንድ ይደመራሉ፤ ርኅሩኅና ሆደ ቡቡ ወደ ሴት። ወረቀቴን ታቅፌ መቂ ወረድኩ። አባቴ እዚያ የቲማቲም ደላላ ነው፤ መኪና በሚጫንበት ግቢ ከጓደኞቹ ጋር ሲሞሉልኝ ዋሉ።

አዳማ ተመልሼ ስደምረው ደሜ ፈላ። ለአንዲት ሣጥን ቲማቲም አገር ይያዝልኝ የሚሉት ደላሎች «ደፋር ነኝ» ላይ አንድ! «ርኅሩኅ ነኝ» ላይም አንድ! አማካሪዬ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ፣ «በዚህ አትመረቂም። በሳምንት ውስጥ ሌላ አምጪ፣ አለዚያ ለከርሞ» አለኝ። አባቴ ጋ ደወልኩና ጮህኩበት።

«ምን ልበል ታዲያ?» አለ። «ሰው አፉን ሞልቶ ደፋር ነኝ፣ ደግ ነኝ ይላል እንዴ? አያሳፍርም?»

እውነቱን ነው። እኔስ ማን ቤት አደግሁና ነው ራስን ማሞገስ ነውር መሆኑን የረሳሁት? አማካሪዬን አስፈቅጄ፣ እያንዳንዱ ስለ ጓደኛው እንዲሞላ አዲስ ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። ወይ ጉድ! ስለ ሌላ ሰው ሲሆንማ ማን ያስቁማቸው።

የአባቴን የሞሉት አብረውት የሠሩ ሽማግሌ ደላላ ናቸው። ደፋር፣ ሰባት። ሆደ ቡቡ፣ እሱም ሰባት።

«ጋሼ፣ አልተምታታብዎትም?» አልኳቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እናትሽ ስታርፍ ስንት ዓመትሽ ነበር? ስድስት? ያኔ አባትሽ እዚህ ቲማቲም የሚመርጡት ሴቶች መሀል ቁጭ ብሎ፣ በሲባጎ እየተለማመደ ሹሩባ መሥራት ተማረ። ግቢው ሁሉ ሳቀበት፤ እኔም ስቄበታለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። እሱ ግን በማግስቱም መጣ። ይኼን ወደ የትኛው ትደምሪዋለሽ?»

የአባቴን ሹሩባ በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ጠማማ ነበር። ልጆች እንዳይስቁብኝ ትምህርት ቤት ሳልደርስ፣ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ቆሜ እፈታው ነበር። ከሰዓት ስመለስ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ ስለማያውቅ፣ ልብ አላለም ብዬ ነበር።

ጥናቱ አለፈ፤ ተመስገን። ለምረቃው ከመቂ ልንነሳ ስንል ማበጠሪያ ይዤ አባቴ እግር ሥር ቁጭ አልኩ።

«አባዬ፣ ሥራልኝ።»

«ኧረ አታሹፊ! ያ ሁሉ ሰው ሊያይሽ?» አለ፤ ግን ማበጠሪያውን ተቀበለኝ። የመጨረሻዋን ሲቋጥር ሳቅ አለና፣ «ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርሺ ደግሞ ትፈቺው ይሆናል» አለኝ።

ለካ ያውቅ ነበር። እያወቀ፣ በየጠዋቱ ይሠራልኝ ነበር። ዞሬ እጁን ሳምኩት። ጋውን ለብሼ፣ ተመርቄ፣ ፎቶ ተነስቼ፣ መቂ እስክመለስ አልፈታሁትም።