ሁለተኛ የማይጠየቅበት ሰፈር

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ገደማ የምኖረው ቬስትሊ ነበር፤ የምድር ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ፣ ከኦስሎ ምሥራቃዊ ጥግ። የምሠራው ደግሞ በሌላኛው ጥግ፣ ሊሳከር የሚባለውን ወንዝ ተሻግሮ ባለው ቤሩም በሚሉት የሀብታሞች ኮሙን፣ እኛ ወረዳ በምንለው፣ ነው። ሥራዬ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ቤት እየሄድኩ ማጽዳት ነበር። የዚያ አካባቢ ባቡር ለጥገና ተዘግቶ ስለነበር መሀል ከተማ ወርጄ አውቶቡስ እይዛለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ማንም ከማንም አጠገብ አይቀመጥም። እኔም ለምጄው ቦርሳዬን ባዶው ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ፤ እንደ አገሬው ሆንኩ ማለቴ ነው። አንዳንድ ቀን ከቤቴ ወጥቼ እስክመለስ ከሥራ ወሬ በቀር አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ የምሄድባቸው ሴትዮ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ውጭ አገር ነው። በኖርዌይኛ እርስዎ ብሎ የሚያወራ ሰው የለም። እኔ ግን በልቤ አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህንና ሁለት ስኒ ተደርድሯል። ዳቦ አለ፣ ያ ቡናማ አይባቸውም አለ።

«ትበላለህ?» አሉኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፤ ሆዴ ይጮሃል። አፌ ግን ያደገበትን መለሰ፤ «ኔይ ታክ፣ አይ አመሰግናለሁ፣ አይቸገሩ።» እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ እንደ ሰላምታ ነው፤ እምቢታ ተብሎ አይቆጠርም። ሁለተኛው ግብዣ ይመጣል፣ ቀጥሎ «በሞቴ»፣ ቀጥሎ ጉርሻው። ቆሜ ጠበቅኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው አንደኛውን ሳህንና ስኒ አነሱና ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለሱት። እኔም የአቧራ መምጠጫውን ሰካሁ።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም። እሳቸው መስኮቱ ሥር ብቻቸውን ይበላሉ፤ እኔ ሳሎኑን አጸዳለሁ። ስጨርስ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆሜ፣ በረዶ እየወረደብኝ፣ ከቤት የያዝኩትን ዳቦ እገምጣለሁ። ሁለት ሰው ባለበት ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

የሚያወሩልኝ ስለ ሰፈራቸው ብቻ ነበር። ግድግዳው ላይ በእጃቸው የሳሉት ካርታ ተሰቅሏል፤ መስታወቱን ስወለውል ከኋላዬ መጥተው በጣታቸው እየጠቆሙ ይነግሩኛል። ድሮ ሁሉም እርሻ ነበር፤ ዛሬ የመንደሮቹ ስም የሆነው የእርሻዎቹ ስም ነው። ወደ ጫካው ጥግ ብረት ይቀልጥ ነበር። ከዚያ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋና የከተማው ነጋዴዎች የበጋ ቤት ይሠሩ ጀመር፤ በጋው ሲያልቅ መመለሱን ጠልተው እዚያው ቀሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፖም እርሻው እየተሸነሸነ ቪላ ሆነ። ባሕሩ ዳር የነበረው አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ ከተዘጋ ዓመታት አልፈው ቢሮና መኖሪያ እየሆነ ነበር። እኔ በስደት መጥቼ መጀመሪያ የረገጥኩት የኖርዌይ መሬት እሱ ነው። ልነግራቸው ከአፌ ደርሶ ተመለሰ። የጠየቀኝ አልነበረማ!

«ሰው እዚህ የሰፈረው እንዳይረበሽ ብሎ ነው» አሉኝ አንድ ሐሙስ። «ለዚህ ነው አንድ ሰው ኔይ ካለ ሁለተኛ የማንጠይቀው። ማስጨነቅ ይሆናል።»

ስለ ታሪክ የሚያወሩ መስሎኝ መወልወሌን ቀጠልኩ።

መስከረም ላይ በየአጥሩ በር ፖም የሞላ ሣጥን ያስቀምጣሉ፤ የፈለገ ይውሰድ ነው። ይሰጣሉ፣ ሲሰጡ ግን አይታዩም። በፊቱ እያለፍኩ አንድም ቀን አላነሳሁም። ማን እንካ አለኝና?

በሦስተኛው ዓመት ሴትዮዋ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሲኬየም፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ገቡ። አሠሪዬ ኮሙኑ የሐሙስ ሰዓቴን ለሌላ ቤት ሰጠው። ናፈቁኝ። ናፈቁኝ ማለቱ ራሱ አሳፈረኝ፤ አብረን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠን አናውቅም። ቢሆንም አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ።

በጣም ከስተዋል። ፊት ለፊታቸው ቫፈል የሚሉት ቂጣ መሳይ ኬክ ቀርቦ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ተንከባካቢዋ «አልፈልግም ብላለች» ብላ ልታነሳው ስትል ትንሽ እንድትተወው ለመንኳት። አንድ ቁራሽ ቆርሼ ዘረጋሁላቸው።

«ኔይ ታክ» አሉ።

እንደገና ዘረጋሁ።

«ኔይ።»

እጄን አልመለስኩም። «በሞቴ» አልኳቸው፣ በአማርኛ፤ በኖርዌይኛ ምን እንደሚባል እስከ ዛሬም አላውቅም። እጄንም ፊቴንም ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱልኝ።

ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ከእኔ ጋር መብላት የማትወድ መስሎኝ ነበር።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሳህኑ ላይ የቀረውን ቫፈል ለራሴ ቆረስኩ።

«ሐሙስ ሐሙስ ሁልጊዜ ይርበኝ ነበር» አልኳቸው።