ሰብለ ደረጃውን የወጣችበት ዓመት

ሰሞኑን ኦስሎ ውስጥ በቶየን አደባባይ ሳልፍ፣ ፀሐይ ያሞቀው የእንጆሪ ሽታ ከሻጮቹ ጠረጴዛ ተነሥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ካለሁበት አቁሞ ወደ ልጅነቴ ቤት መለሰኝ። እንጆሪ በእኛ ቤት የአሜሪካ ሕጎች የልደት ቀን ሽታ ነበር። አባዬ ለትምህርት ኦስሎ መጥቶ እዚሁ የቀረ የሕግ ሰው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያጠናውም የሚያስተምረውም የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣቸውን ሕጎች ስለነበር፣ በጋ በገባ ቁጥር የክሬምና የእንጆሪ ኬክ እየሠራ፣ ጁላይ ሁለት የሲቪል መብቶች ሕግ የተፈረመበትን፣ ኦገስት ስድስት ጥቁሮች ያለ ከልካይ እንዲመርጡ ያስቻለው ሕግ የተፈረመበትን፣ በመካከሉ ደግሞ ጁላይ ሃያ ስድስት የአካል ጉዳተኞች ሕግ የተፈረመበትን ቀን ያከብርልን ነበር። ነርስ የነበረችው እማዬ ከሥራ ደክማ ስትገባ ኬኩን እያየች፣ «ደግሞ ዛሬ የማን ሕግ ተወለደ? እኛ ኢትዮጵያውያን፣ አገሩ ኖርዌይ፣ ልደቱ የአሜሪካ» እያለች ትስቅበት ነበር። እሱ ግን አይስቅም። «የማከብረው አሜሪካኖች ደግ ስለሆኑ አይደለም፤ እምቢ ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው» ይላት ነበር።

የጁላይ ሃያ ስድስቱን ኬክ የምትቆርሰው ሁልጊዜ ታላቅ እህቴ ሰብለ ነበረች። ሕፃን ሳለች ታማ እግሮቿ ስለደከሙ የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነበር። ትምህርት ቤቷ አሳንሰር ነበረው፣ ወንበሩ ሲበላሽም ኮሙኑ፣ ማለት የከተማው አስተዳደር፣ ይጠግንላት ነበር፤ ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማንንም ሳትለምን ትውላለች። ጭንቋ ቅዳሜ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የምንማርበት የማኅበራችን አዳራሽ ያረጀ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነበር፤ አሳንሰር የለውም። በረዶ በሚጥልባቸው ወራት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ መርዕድ ከአንድ ሌላ አባት ጋር ሆነው ሰብለን ከወንበሯ ያነሷትና፣ ካፖርቷ ወደ ላይ ተሰብስቦ፣ ጫማዋ ግድግዳውን እየጫረ፣ ተሸክመው ያወጧት ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ደረጃው ላይ የቆሙት እናቶችም «እግዜር ይስጣችሁ» ይሉ ነበር፣ ለተሸካሚዎቹ። ሰብለ ዓይኗን ጨፍና ትወጣለች፤ መጸዳጃ ቤቱ ታች ስለሆነም ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ውኃ የሚባል ነገር አትቀምስም ነበር። አባዬ በየስብሰባው ታች ያለችውን ጠባብ ክፍል እንጠቀም እያለ ይለምናል፤ ጋሽ መርዕድ ደግሞ «ክፍሏ ለሕዝቡ አትበቃም፤ ልጃችንን እኛ እንሸከማታለን፣ ምን ችግር አለው?» እያሉ ይመልሱት ነበር።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሰብለ ከእንግዲህ ቅዳሜ አልሄድም አለች። አባዬ አልተቆጣትም። አጠገቧ ተቀምጦ፣ ያ የኬኩ ሕግ ከመፈረሙ በፊት፣ ገና በምክር ቤት ሲጓተት፣ በማርች ወር አካል ጉዳተኞች ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው፣ ወንበራቸውንና ክራንቻቸውን ከታች ትተው፣ የምክር ቤቱን ደረጃ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየተሳቡ እንደወጡ ነገራት።

«ሰው አልረዳቸውም?» አልኩት እኔ።

«የሄዱት ሰው እንዲያነሳቸው አልነበረም» አለኝ።



ዛፎቹ ቢጫ መሆን ሲጀምሩ እንቁጣጣሽ ደረሰ፣ ሰብለም እሄዳለሁ አለች። ዝናብ እየዘነበ አዳራሹ በር ስንደርስ፣ ጋሽ መርዕድ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ወረዱና «ነይ የኔ ልጅ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ኔይ» አለች ሰብለ በኖርዌይኛ፣ አይሆንም ማለቷ ነው፤ ቀጥላ በአማርኛ፣ «ማንም እንዳይነካኝ» አለች። ከወንበሯ ተንሸራትታ መሬት ወረደች፣ ክርኗን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተከለችና ራሷን ጎተተች። አባዬ ሊያነሳት ሲል እማዬ እጅጌውን ያዘችው። «ተዋት፤ ያስተማርካት አንተ ነህ» አለችው። እኔ ወንበሯን ይዤ ታች ቀረሁ። ላይ የነበሩት ሰዎች ወጥተው ደረጃው አፍ ላይ ተኮለኮሉ፤ አንዲት እናት «ኧረ ነውር ነው፣ አንሷት» አለች፤ የሚደፍር ግን አልተገኘም። ሰብለ እያረፈች፣ እያለከለከች ወጣች። ላይ ስትደርስ አዲሱ ቀሚሷ ጠቁሮ፣ ክርኗ ደምቶ ነበር።

«እኔ መጥቻለሁ» አለች። «አሁን እናንተ ውረዱ።»

«ልጄ፣ በዓል ነው፤ አታበላሺው» አሉ ከኋላዋ የደረሱት ጋሽ መርዕድ።

«በዓሉን አልጠላሁም፤ የምጠላው ሰው ሲሸከመኝ ነው።»

ያኔ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እማማ አስካለ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ብቅ አሉ። «እኔም ይህን ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ጉልበቴ ሳምንቱን ሙሉ ያሰቃየኛል» አሉ። «እንዳላስቸግር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዘው ቀስ እያሉ መውረድ ጀመሩ። እሳቸውን አይታ ሌላዋ እናት ተከተለች፤ ከዚያ ድስቱም፣ ሳህኑም፣ ልጁም ወረደ። ሰብለ የመጣችበትን መንገድ በየደረጃው ቁጭ እያለች፣ ሰውም እየጠበቃት ተመለሰች። ጠባቧ ክፍል እውነትም አልበቃችንም፤ ግማሹ ሰው ግቢው ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ብርዱ እያንቀጠቀጠው በላ። ጋሽ መርዕድ በመጨረሻ ዳቦውን ይዘው ወረዱና ቆረሱት።

በረዶ ሳይጥል ማኅበሩ ትቬይታ በሚባል ሰፈር በሩ ከመሬት እኩል የሆነ አዳራሽ አገኘ። ጋሽ መርዕድ ለረጅም ጊዜ እህቴን ሰላም አላሏትም፤ እሷም ይቅርታ አልጠየቀቻቸውም።

ዛሬ ሰብለ ማዮርስቱን በሚባለው ሰፈር የምትሠራ የሕግ ባለሙያ ናት፤ የሜትሮ ጣቢያ አሳንሰር ተበላሽቶ ካገኘች ወደ ቤቷ አትመለስም፣ ጠጋኝ እስኪመጣ እየደወለች በሩ ላይ ትጠብቃለች። ትንሿ ልጄ ከባርነሃገ፣ ከመዋዕለ ሕፃናቷ፣ ስመልሳት ለወንበርና ለሕፃን ጋሪ በተሠራው ተዳፋት መውጫ ላይ እየሮጠች ትጫወታለች፤ ከተማው ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበረ ይመስላታል፣ እኔም እንዳልነበረ እነግራታለሁ። ያኔ እህቴን «ዝም በይ፣ እንሸከምሻለን» ይሏት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ «ዝም በይ፣ ሁሉም ተሟልቷል» ይሏታል። ያኔም ዝም አላለችም፤ ዛሬም አላለችም።