ጅቡቲ የቀረችው ቢስክሌት

ከወሰን ሰፈር ወደ መገናኛ የሚወስደው የታክሲ ሰልፍ ቢያስመርረኝ፣ ከፊትም ከኋላም ንዝረት የሚውጥ ሞላ ያላት ፈጣን የኤሌክትሪክ ቢስክሌት አዘዝኩ። አስመጪው ካሳ ግን በደወልኩ ቁጥር «ወንድሜ፣ ገና ጅቡቲ ናት» ይለኛል። ይኸው ሦስት ወር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍጥነቷን ሳስበው ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ልወጣባት ስላሰብኩ፣ ቁልቁለቱን አስቀድሜ ልየው ብዬ አንድ ማለዳ ከፓርኩ በእግሬ መውረድ ጀመርኩ። ጉሙ ከአፍንጫ አልፎ አያሳይም። በየኩርባው ራሴን ገደል ውስጥ እያየሁ ስወርድ ከኋላዬ የሆነ ነገር «ዝዝዝዝ» አለ። መኪና እንዳልል ድምፁ ቀጭን ነው፤ ጅብ እንዳልል ይፈጥናል። ዞር ብዬ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። «ዝዝዝ»ው ጆሮዬ ሥር ሲደርስ «በስመ አብ!» ብዬ ቦዩ ውስጥ ዘለልኩ።

«ዞር በሉ! ፍሬን በጥሳለች!» የሚል ጩኸት ተከተለ።

ቀና ስል የመቀመጫዋ ፕላስቲክ እንኳ ያልተላጠ፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያላት አዲስ ቢስክሌት በአጠገቤ ትከንፋለች። መሪዋን የሙጥኝ ያለው ካሳ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ወንድሜ!» አለኝ ጉሙ ውስጥ እየገባ፤ «አሁን ከጅቡቲ ገባች!»