የጥቅምት ዱባና የምሽት ዓይን

ባለፈው ጥቅምት፣ ሰቆጣ ላይ የዓይኔን ሞራ ገፍፈውልኝ ፋሻው የተፈታ ዕለት፣ ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት ቀለም የዱባ ቀለም ነበር። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አንድ ትልቅ ዱባ ለሁለት ከፈለችው። ቢላዋው ሲገባ ቅርፊቱ ጠሽ አለ፤ ከውስጡ ዝናብ የጠጣ አፈር የሚመስል ሽታ ወጣ፤ ፀሐይ ስታርፍበት ሆዱ እንደ ፍም በራ። ሞራው ዓይኔ ላይ ሳለ ዱባውም፣ ሽንኩርቱም፣ የሰውም ፊት ለእኔ አንድ ዓይነት አመድ ነበር። ቁራጩን አንስቼ አሸተትኩት። የወጣትነቴ ጥቅምት ከነሽታው መጣብኝ።

ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ እናቶችን ሰብስባ፣ ዱባ ለዓይን ደግ ነው፣ ለልጅ ቀቅላችሁና አድቅቃችሁ ዘይት ጠብ አድርጉበት ስትል እሰማለሁ። ጎበዝ ልጅ ናት። እኔ ግን ይህን ያወቅሁት እናቷ ሳትወለድ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ፊደሉን ከአባቴ ዳዊት ላይ ለብቻዬ ለቅሜ፣ ካብ መካብን ከፈረሰ ካብ፣ ንብ ማነብን ከንቡ ከራሱ የተማርኩ ሰው ነኝ። የዱባን ነገር ደግሞ ከጎረቤት ልጆች ተማርኩት።

ያገባሁ ዓመት ነው። ባለቤቴን ከእኛው አገር ቆላ፣ ከዝቋላ አመጡልኝ፤ የፍየል ወተት ጠጥታ ያደገች፣ ገደል የማይበግራት ልጅ። አባቴ ቄስ ነበር፤ እናቴ ቤቱን በዓይኗ የምትገዛ ሴት። በዚያ ጊዜ በእኛ አገር ሙሽራ በአማቶቿ ፊት ጠግባ አትበላም። ሁለት ሦስቴ ጎርሳ እጇን ትሰበስባለች፤ ጨምሪ ሲሏት ጠግቤአለሁ ትላለች። እንዲያ ካላለች ሆዳም መጣችብን ተብሎ ስሟ ይነሳል። ባለቤቴ ጨዋ ነበረች፤ ክረምቱን ሙሉ ጠግቤአለሁ እያለች ከረመች።

መስከረም ሲጠባ ነገሩ ተጀመረ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ አመጣች። አንድ ምሽት እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ረገጠች፤ ሌላ ምሽት የጠላውን ጋን ገፍታ ጣለችው። እናቴ ስትናደድ አማርኛውን ትታ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በኽምጣና ነበር የምትናገረው፤ ያን ሰሞን ከአፏ አማርኛ አልሰማንም። ዳፍንት መሆኑን ሁላችንም አወቅን። ቀን ደህና የሚያይ ዓይን ሲመሽ የሚጠፋው በዳፍንት ነው።

ለዳፍንት ሰው የሚያውቀው መድኃኒት ጉበት ነበር። የጽጌ ጾም ገብቶ ስለነበር ግን በቄስ ቤት ጉበት የሚያነሳ የለም። ለነገሩ አባቴም መድኃኒት አልፈለገም። ወላጆቿ ሕመሟን ደብቀው እንደዳሩልን ነበር ያመነው፤ ሕመሟ የተደበቀ ሙሽራ ደግሞ በሽማግሌ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም ዕለት ጾሙ ሲፈታ ሽማግሌ ይዞ ዝቋላ ሊወርድ ቆረጠ።

ባለቤቴን ማሳ ላይ፣ ሕመሙ ከድሮም ነበረብሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "አባቴ ቤት ሳለሁ፣ ሲመሽ የጠፋ ፍየል ፈልጋ የምታመጣው እኔ ነበርኩ" አለችኝ። አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ ግን በጣቷ እየጠቀለለች ነበር።

ያኔ አእምሮዬ ሠራ። ጎረቤታችን ሸማኔ ነበር፤ ልጆቹ ብዙ፣ እህሉ ጥቂት። በዚህ ወቅት ቤተሰቡ በአጥሩ ላይ በተንዠረገገው ዱባ ይኖር ነበርና መንደሩ ዱባ በሎች እያለ ይስቅባቸዋል። እነዚያ ልጆች ግን እኔ እንኳ እግሬን በማላይበት ሰዓት ድብብቆሽ ይጫወታሉ፤ አንዱም አይደናቀፍም። በእኛ ቤት ደግሞ ዱባው ጣራው ላይ ተደርድሮ፣ የጽጌ ማኅበር ተራችን ሲደርስ ለእንግዳ ይቀርባል ተብሎ ይጠበቃል። ለቤተሰቡ ከወረደም፣ ከሙሽራ ጉሮሮ አይደርስም።

አባቴ ፊት ቆምኩና፣ "አባባ፣ ሕመሙ ከዝቋላ አልመጣም፤ ከእኛው ሌማት ነው የተነሳው" አልኩት።

ዳዊቱን ሳያጥፍ ቀና ብሎ አየኝና፣ "ሐኪም የሆንከው ከመቼ ወዲህ ነው?" አለኝ። ከዚያ ንባቡን ቀጠለ። እስከ ቁስቋም ጊዜ እንዳለኝ ገባኝ።

ያን ሰሞን ማሽላ ከወፍ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ለሸማኔው የፈረሰ አጥሩን ካብኩለት፤ እሱም ዱባ እንደልቤ እንድወስድ ፈቀደልኝ። ዱባውን ከማማው ሥር በፍም ቀብሬ አበስለዋለሁ፤ ሲከፈት ማር ማር ይሸታል። እንዲያው ደረቁን ጉሮሮ ስለሚይዝ፣ ኑግ ቆልቼ በድንጋይ ወቅጬ ዘይቱ እስኪወጣ እለውስበታለሁ። ባለቤቴ ምሳ ስታመጣልኝ ምሳውን እኔ፣ ዱባውን እሷ። የመጀመሪያ ቀን ፊቷን አዙራ ትንሽ ቀመሰችና ጠግቤአለሁ አለች።

"አማቶችሽ እዚህ የሉም፤ ያሉት ወፎች ናቸው" አልኳት።

እኛ ቤት ከገባች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ከዚያ በላች።

የማሽላ ጠባቂ ጓደኞቼ በየቀኑ ዱባ ተሸክሜ ሲያዩኝ ከማማ ማማ እየተቀባበሉ እንደ እርጉዝ ሴት ስንተኛ ወሬ እንደሆነ፣ መቼ እንደምወልድ ይጠይቁኝ ነበር። ሊቅ ከመንጋ ጋር አይከራከርም። የዱባውን ፍሬ ቆልቼ እየቆረጠምኩ ወፌን ጠበቅሁ። የኮሶ ትልም ከዚያ ወዲህ አጠገቤ አልደረሰም፤ ዛሬም ድረስ ሆዴ እንደ ጎረምሳ ሆድ ነው።

የቁስቋም ዋዜማ ፀሐይዋ ገባች። ደጁ እንደ ብረት ጠቆረ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፤ ሽማግሌዎቹ ተነግሯቸዋል። እናቴ ባለቤቴን ዶሮዎቹን እንድትዘጋ አዘዘቻትና እሷ ቀድማ ወጥታ ከመንገዱ መሐል ድምፅ ሳታሰማ ቆመች። ልትፈትናት እንደሆነ ገባኝ። እኔ ከበሩ ጥግ ነበርኩ። ባለቤቴ ግድግዳውን ሳትነካ ወጣች፤ እናቴ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለች።

"እማዬ፣ ምነው እዚህ ቆሙ? ነጠላዎ መሬት እየጠረገ ነው" አለቻት።

እናቴ ጎንበስ ብላ ነጠላዋን አየች። ጫፉ እኔ ከቆምኩበት አይታየኝም ነበር። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ወደ ዝቋላ የሄደ ሽማግሌ የለም። እናቴ ከጣራው ዱባ አውርዳ ወጥ ሠራች፤ ሳህን ሙሉ ለባለቤቴ አቀረበችና ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። "እኔ አላይሽም፤ ብዪ" አለች፤ በአማርኛ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ሙሽራ ስትበላ አማት ጀርባዋን ትሰጣለች። አባቴ እመቤታችን ናት የማረቻት አለ፤ እኔ ዱባው ነው አልኩ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ለሁለታችንም አልፈረደችም።

እናቴም አባቴም አልፈዋል፤ የሸማኔው አጥርም የለም። እኔን ደግሞ ሞራ ያዘኝ። ሞራን ዱባ አይገፈውም፤ የማያውቀውን አውቃለሁ የሚል ሰው አይደለሁም፤ የሐኪም እጅ ነው የገፈፈልኝ። ሐኪም ዘንድ እስክደርስ ግን ሲመሽ ሲመሽ በትሬን ከፊት ይዛ የመራችኝ ያቺው የዝቋላ ልጅ ናት።

ፋሻው በተፈታ ዕለት፣ ያን ዱባ በልተን ሲመሽ ዶሮ ልትዘጋ ወጣች። እኔም በትሬን ትቼ ተከተልኳት።

"ነጠላሽ መሬት እየጠረገ ነው" አልኳት።

ቆመች። አልዞረችም፤ ነጠላዋንም አልሰበሰበችም። ጎንበስ ብዬ ጫፉን አነሳሁላትና ትከሻዋ ላይ መለስኩት።