ረጅሙ ቁልፍ

ሴትዮዋን ያስቀጣኋት እኔ ነኝ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ይህን ያህል ዓመት መፍጀቴ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ይናገራል።

በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በሒሳብ እንደተመረቅኩ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ዝቅ ብሎ ያለ መሥሪያ ቤት ተመደብኩ። ያኔ ከተመደቡ ተመደቡ ነው፤ ዝውውር መጠየቅ ራሱ ያስጠይቃል። ከመዝገብ ቤቱ ጎን፣ መስኮቷ በብረት የታጠረ ጠባብ ክፍል ነበረች። በውስጧ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና አንዲት የአማርኛ ታይፒስት።

በመጀመሪያው ቀን አንቱ ብላት "አታስረጀኝ እንጂ!" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወዲህ እትዬ እያልኩ፣ አንቺ እያልኩ ኖርን። ባሏ ታስሯል፤ በምን እንደታሰረ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስንቅ እንድታደርስ አለቃችን ግማሽ ቀን ፈቅዶላት ነበር። ባሏን አታየውም። የምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስላት ግን በሕይወት እንዳለ ታውቃለች። ሳምንቱን የምትገፋው ለዚያች ግማሽ ቀን ነበር፤ ሐሙስ ሲሆን ፊቷ መፍካት ይጀምራል።

የታዘዝነው ሥራ ቀላል ነው። እሷ የመዝገብ ቤቱን ደብዳቤዎች ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፋለች፤ እኔ ጽሑፉን ወደ ቃላት የሚከፋፍል ፈንክሽን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚከተለው አጭር የትእዛዝ ዝርዝር፣ እሠራለሁ። ቃላቱ ከተለዩ "ውሃ" የሚል ደብዳቤ ሁሉ ሲፈለግ በደቂቃ ይገኛል። ፈንክሽኑ ሃያ መስመር አይሞላም። ፊደል በፊደል እያነበበ ይለቅማል፤ ባዶ ቦታ ሲያገኝ የለቀመውን ቋጥሮ አንድ ቃል ብሎ ያስቀምጥና እንደገና መልቀም ይጀምራል። ከራሴ አፍ የወጡ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ጽፌ ሞከርኩት። ሠራ። አራዳ የሆንኩ መሰለኝ።

አለቃችን ጉራ አይጠላም፤ የመሥሪያ ቤቱን የፖለቲካ ኃላፊ ጠርቶ አመጣው። እትዬ ፊቱ ተቀምጣ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ያኔ ደብዳቤ ሁሉ የሚዘጋው በአንድ መፈክር ነው፤ አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት። ፈንክሽኑን አስነሳሁት፤ ፕሪንተሩ እየጮኸ ቃላቱን አንድ በአንድ ወደ ታች ደረደራቸው። ኃላፊው በጣቱ እየተከተለ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

"አብዮታዊት... እናት... ሀገር... ወይም..."

ጣቱ ባዶ ወረቀት ላይ ቆመ።

"ወይም ምን?" አለ።

ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

"ወይም ምን? ሞት የት ሄደ? ማነው ያወጣው?"

ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ቀን ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ አሻጥር የምትባለዋ ቃል ሰው ታስበላ ነበርና። ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። ከመጨረሻው ቃል በኋላ ባዶ ቦታ ስለሌለ ፈንክሽኑ የለቀመውን ሳይቋጥር ጥሎት ወጥቷል። እኔ ስሞክር በልማድ ከመጨረሻው ቃል በኋላም ረጅሙን ቁልፍ፣ ባዶ ቦታ የሚያስገባውን፣ እመታ ነበር። እሷ የሠለጠነች ታይፒስት ናት፤ ትርፍ ቁልፍ አትመታም። ልክ እሷ ነበረች።

"ፈንክሽኑ ነው ያጠፋው፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን እንዲህ ነው፦

"ጓድ፣ መጨረሻው ላይ ረጅሙ ቁልፍ አልተመታም። ባዶ ቦታ ስለሌለ ነው።"

አንዲት ውሸት የለበትም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ኃላፊው ፊቱን ከእኔ ወደ እሷ አዞረ፤ እኔም ተነፈስኩ። መተንፈሴን አልረሳውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ አስነስተው ግለ ሂስ አስደረጓት። ቀሚሷን በእጇ ጨብጣ "ከመጨረሻው ቃል በኋላ ቁልፍ እንደሚመታ አላውቅም ነበር፤ አርማለሁ" አለች። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አያለሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት፤ የዓርቡ ግማሽ ቀንም ተነሣባት። ስንቁን ጌጃ ሰፈር ያለች ጎረቤቷ ማድረስ ጀመረች። አንዳንድ ዓርብ ግን ጎረቤቷም አይመቻትም። ያን ጊዜ እትዬ ሰዓት ስትጠይቀኝ ትውላለች፤ መልሱን ሰምታ ደግሞ ትጠይቀኛለች።

ፈንክሽኑን በስብሰባው ማግስት አስተካከልኩት። ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ አንብቦ ሲጨርስ እጁ ላይ የቀረውን ቋጥሮ ያስቀምጥ ብዬ። ከዚያ በኋላ ረጅሙን ቁልፍ መምታት ለምንም አያስፈልግም ነበር። ግን ይህን ብነግራት፣ ታዲያ መጀመሪያስ ጥፋቱ የማን ነበር ትለኛለች። ዝም አልኩ። እሷም በየደብዳቤው መጨረሻ፣ ከሞት ቀጥላ፣ አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ ትመታዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ "መታሁት እኮ!" ትላለች።

"ጎሽ እትዬ" እላታለሁ።

እንዲህ እየተባባልን በዚያች ክፍል ሁለት ዓመት ኖርን። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ እገባለሁ፤ በየቀኑ ሳልነግራት እወጣለሁ። ቀኑ በተቆጠረ መጠን ንግግሩ እየከበደኝ ሄደ። ዝውውር ባገኝ ማምለጤ ነበር፤ አላገኘሁም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ቀርታባት ነበር። እትዬ አንድ ደብዳቤ ጨረሰች፤ ረጅሙን ቁልፍ መታች፤ ዞር አለች። የተለመደውን ትላለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ያን ቀን አንተ ቁልፉ ነው ባትላቸው ኖሮ፣ አሻጥር ነው ብለው እኔንም ወስደውኝ ነበር" አለችኝ። "ያተረፍከኝ አንተ ነህ። እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ።"

"አብሮ ይስጠን" አልኳት።